መነጽሬን ላስተካክል ነው

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። የእኔ አፍ ግን አፋፍ ላይ አልተወኝም፤ ሐይቅ ውስጥ ከተተኝ።

ነገሩ የተጀመረው በምሳ ሰዓት ነው። አንዱ የሥራ ባልደረባችን አኳትሎን ስለሚባል ውድድር ያወራል። መጀመሪያ 1,000 ሜትር ይዋኛል፤ ከውሃ እንደወጡ ደግሞ 5 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። መደበኛው ርቀት ይኸው ነው። ሁሉም «ወይ ጉድ!» አለ። እኔ ብቻ «ያን ያህል አይከብድም» አልኩ። ለምን እንዳልኩ እስካሁን አልገባኝም። ባለ 25 ሜትር ገንዳ ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ 40 ጊዜ እዋኛለሁ። 40 ሲባዛ በ25፣ 1,000 ነው። ሒሳቡ ልክ ነበር። ሒሳብ ግን አይሰምጥም።

«እንግዲያው ተመዝገባ!» አሉኝ። ስምንት ሰው አፌን አፌን ያየኛል። ስምንት ሰው እያየ «ኧረ ቀልዴን ነው» ከማለት 1,000 ሜትር መዋኘት ይሻላል። ያኔ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

በኋላ ሳነብ ግን ትንሽ ተጽናናሁ። የዚህ ውድድር የሥጋ ዘመድ የሆነው ስዊምረን የተፀነሰው ስዊድን ውስጥ በ2002 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያውም በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ በተደረገ ውርርድ። አራት ጓደኛሞች ሁለት ሁለት ሆነው ከዑቶ ደሴት ሳንድሃምን ድረስ ሊሄዱ ተወራረዱ። የብሱን በሩጫ፣ በደሴቶቹ መሃል ያለውን ባሕር በዋና። የተሸነፈ ይከፍላል። ከ24 ሰዓት በላይ ፈጀባቸው። በ2006 እ.ኤ.አ. ነገሩ «ኦቲሎ» የሚባል እውነተኛ ውድድር ሆነ፤ «ከደሴት ደሴት» ማለት ነው። እዚያ ሰው ጫማውን አድርጎ ይዋኛል፣ የዋና ልብሱን እንደለበሰ ይሮጣል። ልብ በሉ፤ ይህን ማንም ሰው ብቻውን ቁጭ ብሎ አላሰበውም። ጠረጴዛ ዙሪያ ሰው መኖር አለበት። ሰው ባያየን ኖሮ ስንቱ ስፖርት ሳይወለድ ይቀር ነበር!

የውድድሩ ቀን በጠዋት ደረስኩ። ክንዴ ላይ በማርከር 214 ብለው ጻፉብኝ። ቁርጭምጭሚቴ ላይ ሰዓት የምትመዘግብ ቺፕ አሰሩልኝ። ከዚያ ዌትሱት ለመልበስ ትግል ገጠምኩ። ይህ ከሰውነት የሚጣበቅ የጎማ ልብስ ነው፤ ሙቀት ይይዛል፣ ያንሳፍፋል። እግር ላይ ፌስታል ካጠለቁ ቶሎ ይገባል ብለውኝ አጠለቅኩ። እውነትም እግሬ ገባ። ሌላው ሰውነቴን የሚያክል ፌስታል ግን አልነበረኝም። አንዲት የማላውቃት ሴት አዘነችልኝና ከኋላ ዚፑን ልትስብልኝ መጣች። «ትንፋሽህን ሳብ አድርግ» አለችኝ። ሳብኩ። ዚፑ ተዘጋ። የሳብኩትን ትንፋሽ መልሼ የማወጣበት ቦታ አጣሁ።

በዙሪያዬ ያለው ሰው ሁሉ ይማረራል። «እኔ እንኳ ዘንድሮ ልምምድ የሚባል አልሠራሁም።» «ጉልበቴን ያመኛል፤ ዝም ብዬ ልሞክረው ነው።» «ሌሊቱን ዓይኔን አልከደንኩም።» ፈተና በር ላይ «ምንም አላነበብኩም» የሚሉ ተማሪዎች ትዝ አሉኝ። ያኔም አንደኛ የሚወጡት እነሱ ነበሩ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ልምምድ አለመሥራቱ እውነት የሆነው የእኔ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ደግሞ «በደንብ ተዘጋጅቻለሁ» ነበር የምለው።

ፊሽካ ተነፋ። ገባን።

ቀዝቃዛ ውሃ በድንገት ሲነካን ሰውነት ሳያስፈቅደን አየር ይስባል፤ ትንፋሽ ቁና ቁና ይሆናል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ከታገሡት ይበርዳል። ይህን አውቅ ነበር። በዚያች ሰዓት ግን የማውቀው ነገር ሁሉ ዳር ላይ ከጫማዬ ጋር ቀርቷል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ሲባል እሰማ ነበር፤ የእኔው ማሳሳቁን ዘሎ በቀጥታ ወደ መውሰዱ ገባ። አንዱ በእግሩ ደረቴን አለኝ። «ይቅርታ» አልኩት። የተመታሁት እኔ፣ ይቅርታ የጠየቅኩት እኔ! ልማድ ሆኖብኝ ነው። ሌላዋ በክርኗ ጆሮዬን አለችኝ። «ይቅርታ።» እያንዳንዱ ይቅርታ አንድ ጉንጭ የሐይቅ ውሃ ያስከፍላል። ሦስተኛው ላይ ጨዋነቴን ተውኩት።

ገንዳ ውስጥ ከሥርህ ጥቁር መስመር አለ፤ እሱን ተከትለህ ትሄዳለህ። ሐይቅ መስመር የለውም። በየጥቂቱ እንደ አዞ ዓይንን ብቻ ከውሃ ብቅ አድርጎ ብርቱካናማውን ተንሳፋፊ ምልክት መፈለግ ያስፈልጋል። እኔ ብቅ ባልኩ ቁጥር የማየው የሰው እግር ነው። እሱም አይከፋም፤ ከሰው እግር ኋላ መዋኘት ጉልበት ይቆጥባል፣ ደንቡም ይፈቅዳል። አንድ ቢጫ ኮፍያ መረጥኩና ሙጭጭ አልኩበት። አዋዋኑ መንገዱን የሚያውቅ ሰው አዋዋን ነው። ለካ እሱም ከፊቱ ያለውን አምኖ ነው የሚሄደው። ከፊቱ ያለውም እንደዚያው። ሦስታችን በሚያስደንቅ ሥርዓት ተሰልፈን ወደ ቄጠማው እየቀዘፍን ሳለ ፊሽካ ሰማን። ካያክ የሚሏት ቀጭን ታንኳ ላይ የተቀመጠች ልጅ በመቅዘፊያዋ ወደ ኋላችን ታመለክታለች። ውድድሩ በዚያ በኩል ነበር።

የደከመው ሰው ታንኳ ይዞ ማረፍ ይፈቀድለታል፤ ታንኳዋ ወደፊት እስካልወሰደችው ድረስ አይቀጣም። ስለዚህ ሦስታችንም ይዘናታል።

«ደህና ናችሁ?» አለች ልጅቷ።

«ደህና ነን!» ሦስታችንም በአንድ ድምፅ።

«መነጽሬን ላስተካክል ነው» አለ ባለ ቢጫ ኮፍያው።

«እኔ ሰዓቴ የቆመ መስሎኝ ነው» አለ መሪያችን። ሰዓቱን ግን አላየውም። ሁለቱም እጆቹ ታንኳዋን ጨብጠዋል።

ለእኔ ሰበብ አልተረፈልኝም። «እኔም መነጽሬን» አልኩ። መነጽሬ ፍጹም ጤነኛ ነበር።

ይህን እያልን አንድ ጎልማሳ ሰውዬ መጥተው በሌላው ጎን ያዙ። ልጅቷ እሳቸውንም ጠየቀቻቸው።

«ደከመኝ» አሉ።

ሦስታችንም ዞረን አየናቸው። በሰው መሃል የማይባል ነገር የተናገሩ ነው የመሰለን። ልጅቷ «በጀርባዎ ተንጋለው በቀስታ ይተንፍሱ» አለቻቸው። እንዳለቻቸው አደረጉ። ትንፋሻቸው ሲመለስ «ተባረኪ ልጄ» ብለዋት ሄዱ። እኛ ምክሩ አይመለከተንም፤ አልደከመንማ! እዚያው መነጽር ስናስተካክል ቆየን።

ሐይቁ ተዋኝቶ አለቀ። እንዴት እንዳለቀ አልተርክም።

ከውሃ ወጥቼ ስቆም መሬቱ ከዳኝ። ብዙ ተጋድሞ ቆይቶ ብድግ ሲሉ ደሙ ወደ እግር ይወርዳል፤ ጭንቅላት ባዶ ይሆናል። ዌትሱቴ ደግሞ ቺፗ ላይ ተጠምዶ አንድ እግሬን አለቅም አለ። በሌላው እግሬ እየዘለልኩ ሁለቴ ወደቅኩ። ዳር ያሉት ሰዎች ያጨበጭባሉ። ጭብጨባ መጥፎ ነገር ነው። ደረቴን ነፍቼ እንደ አጋዘን ተፈተለክሁ፤ ሰው እስካለበት ድረስ፣ ማለትም አርባ ሜትር ገደማ። መንገዱ ከዛፎቹ ጀርባ ሲታጠፍ ቆም አልኩ።

ባለ ቢጫ ኮፍያው እዚያ ቆሟል።

«የጫማዬን ክር ላስር ብዬ ነው» አለኝ።

ጫማውን አየሁት። በላስቲክ የሚጠለቅ ነው፤ ክር የሚባል የለውም።

«እኔም» አልኩት። ጎን ለጎን በእግራችን ሄድን። ሰው ሲመጣ እንሮጣለን፣ ሲያልፍ እናርፋለን። እንዲህ የተግባባሁት ሰው ብዙ የለኝም።

መጨረሻው ጋ ስንደርስ ያ «ደከመኝ» ያሉት ሰውዬ ልብስ ቀይረው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው ቆመዋል። «እንዴት ነበር ልጆች?» አሉን።

«መነጽር ነው ያስቸገረን» አልናቸው።

ሰኞ ምሳ ላይ ሸሚዜን እስከ ክርኔ ጠቅልዬ ገባሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ያን ክንዴን ሳሙና አላስነካሁትም። ማንም ምንም አላለኝም። ጨው ለማንሳት ክንዴን ዘረጋሁ። ውሃ ለመቅዳት ዘረጋሁ። ማንም ያላስፈለገውን ወንበር ሳብኩ። በመጨረሻ ያ አኳትሎንን ያወራልን ባልደረባችን አየት አደረገና፣

«214፤ ቁጥርህ ነው ወይስ ደረጃህ?» አለኝ።

ስምንት ሰው ቀና አለ።

«ቁጥሬ ነው» አልኩ። «ደረጃዬማ ከዚህ ይበልጣል።»

አልዋሸሁም።