ወገብ ያመመውን ሰው "እንቅልፍስ?" የሚለው ማን ነው?

ጎንደር፣ አራዳ ገበያ ዳር አንድ ልብስ ሰፊ አሉ፣ ሱሪ ሲረዝምብኝ የማሳጥረው እሳቸው ጋ ነው። ባለፈው ስሄድ ሱሪውን ገና ሳልሰጣቸው ከመደርደሪያ ላይ አንድ ትልቅ ፖስታ አወረዱና ፊልሙን አምፖሉ ፊት ዘረጉት። ኤምአርአይ ነው። እንደ ሰርግ ፎቶ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ የሚያሳዩት መሰለኝ፣ ዳር ዳሩ የጠመኔ አሻራ በአሻራ ሆኗል። "ይሄውልህ፣ እዚህ ጋ ነው ዲስኩ የወጣው" አሉኝ፣ በአከርካሪ አጥንቶች መሀል ያለውን ትራስ ማለታቸው ነው፣ እኔ የሚታየኝ ግን የአጥንት መሰላል ነው። ዲክሎ የሚባለውን የህመም ማስታገሻ መርፌ ተወግተዋል፣ ወጌሻ አሽቷቸዋል፣ ጠበል ገብተዋል፣ ለኤምአርአዩ ደግሞ በግ ሸጠዋል። "እንቅልፍስ ጋሼ?" አልኳቸው። ሳቁብኝ። "ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እንደነገሩ ታሸልበኛለች፣ 10 ሰዓት ላይ ውሻው ይጀምራል፣ ከዚያ ቅዳሴው" አሉ። ሐኪም ጠይቋቸው ያውቅ እንደሆነ ስላቸው "እንቅልፌን? እሱን ምን ሊያደርግበት" ብለው ሱሪውን ተቀበሉኝ።

እና እኔ የምለው፣ ወገቡን ብሎ የመጣን ሰው እንቅልፉን ሳይጠይቁ መርፌ ወግቶ መሸኘት ግማሽ ህክምና ነው። ሐኪሙ ሰነፍ ነው ማለቴ አይደለም፣ ደጅ ላይ 60 ሰው ተሰልፎ ማን ስለ እንቅልፍ ያወራል። ግን ሳይንሱ ከዚህ ወረፋ ቀድሞ ከሄደ ቆይቷል።

ነገሩ ከህብለ ሰረሰር፣ አከርካሪ አጥንት ውስጥ ከሚወርደው የነርቭ ገመድ፣ ይጀምራል። ስሙ ራሱ ገመድ ስለሚል ነው መሰለኝ ብዙዎቻችን እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ነው የምናስበው፣ ከታች ህመም ይገባል፣ ከላይ አንጎል ላይ ይበራል፣ አለቀ። ትንሽ ነገር ነው እኮ፣ ርዝመቱ 45 ሳንቲሜትር ያህል፣ ውፍረቱ የትንሿ ጣት፣ 31 ጥንድ ነርቮች ይወጡበታል፣ ወገብ አካባቢ 1ኛው ወይ 2ኛው አጥንት ላይ ሲደርስ ያልቃል። (ስለዚህ "ዲስክ ህብለ ሰረሰሬን ተጫነው" የሚለው የወገብ ታማሚ አብዛኛውን ጊዜ የተጫነበት ህብሉ ሳይሆን ከሱ ወርዶ የሚሄደው የነርቭ ሥር ነው።) ግን ሽቦ አይደለም። በፈረንጆቹ 1965 ሜልዛክ የሚባል ካናዳዊና ዎል የሚባል እንግሊዛዊ ህብለ ሰረሰር ውስጥ በር አለ የሚል ሐሳብ አወጡ፣ በዝርዝሩ ብዙ ነገሩ በኋላ ታርሟል፣ ዋናው ሐሳብ ግን ቆሟል። የህመም መልእክት በቀጭንና ዘገምተኛ ክር ይመጣል፣ የመነካካት መልእክት ደግሞ በወፍራምና ፈጣን ክር፣ እና ወፍራሙ ቀድሞ ገብቶ በሩን ገርበብ ያደርገዋል። ልጅ ጉልበቱን ሲመታ እናት እሽት እሽት የምታደርገው ለዚህ ነው ማለት ነው፣ ማንም ሳያስተምራት።

ግን እናት ሌላም ነገር ታደርጋለች። መሬቱን ትመታዋለች። "የታባቱ! ልጄን መታብኝ?" ብላ መሬቱን ስትቀጣው ልጁ ከእንባው መሀል ይስቃል። ይሄ ደግሞ በሩ ከላይም እንደሚዘጋ ያሳያል። በ1969 ሬይኖልድስ የሚባል ተመራማሪ የአይጥ አንጎል መሀል ላይ አንዲት ቦታ በኤሌክትሪክ ሲነካ ያለ ማደንዘዣ ሆዷን መቅደድ ቻለ፣ አንጎል ወደ ታች ትእዛዝ ልኮ ህብለ ሰረሰር ላይ ህመሙን ያስቆመዋል ማለት ነው። በ2ኛው የዓለም ጦርነት ቢቸር የሚባል የአሜሪካ ጦር ሐኪም ክፉኛ ከቆሰሉት ወታደሮች ብዙዎቹ ሞርፊን ትፈልጋለህ ሲባሉ አልፈልግም ማለታቸው ያስገረመውም ይሄው ነው። ሰውየው ቆስሏል ግን ከሞት ተርፏል፣ ወደ ቤቱ ሊላክ ነው።

ታዲያ በሩን ከላይ የሚጠብቀው ዘበኛ እንቅልፍ ካጣስ?

በ1975 ቶሮንቶ ውስጥ ሞልዶፍስኪና ጓደኞቹ ምንም የማያማቸውን ጤነኛ ወጣቶች አስተኝተው ከባዱ እንቅልፍ ውስጥ ሲገቡ በድምፅ ይረብሿቸው ነበር፣ ሙሉ በሙሉ ሳይቀሰቅሷቸው። ከጥቂት ሌሊት በኋላ ልጆቹ ሰውነታቸው ይቆረጥማቸው ጀመር፣ ሲነኩ የሚያም ቦታ አወጡ። እኛ "ብርድ መታኝ" የምንለው አይነት። በ2019 ደግሞ ካሊፎርኒያ በርክሌይ ያሉ ተመራማሪዎች ወጣቶችን አንድ ሌሊት ሙሉ ሳይተኙ አሳድረው እግራቸው ላይ ሙቀት እያደረጉ አንጎላቸውን አዩ፣ ህመምን የሚሰማው ክፍል ከወትሮው በላይ ይጮሃል፣ ህመሙን የሚያበርደውና የሚመዝነው ክፍል ደግሞ ደክሟል። ሰዎችን ለረጅም ጊዜ የተከታተሉ ጥናቶችን የገመገመ የ2013 ጽሑፍም የሚለው፣ ህመም እንቅልፍን ከሚያበላሸው ይልቅ የተበላሸ እንቅልፍ የነገን ህመም አስቀድሞ ይናገራል ነው። እኛ ግን ሁሌ የምንለው "ስላመመኝ አልተኛሁም" ነው፣ ተገልብጦ አስበነው አናውቅም።

ወደ ልብስ ሰፊው ስመለስ፣ ህመማቸው የሚብሰው መቼ ነው ብላቸው ጥምቀት ሲደርስ አሉኝ። ጎንደር ላይ "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" እንደሚባለው ነው፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ማሽኑ ላይ ያድራሉ። "ከመቀመጡ ብዛት ነው" ይላሉ፣ መቀመጡም አለበት አልክድም። ግን ሁለት ሳምንት ያልተኛ ሰው ሶፋ ላይ ቢቀመጥስ አያመውም? ማታ ማታ እንዳያንቀላፉ ብለው ደግሞ ቡና ይደግማሉ። በዚህ ሁለት ሦስት ዓመት ተኩስ ሲያዳምጡ ማደር ተጨምሮበታል፣ የከተማው ሰው ወገቡንና አንገቱን ቢል ምን ይገርማል።

ፊልሙን ራሱ ብንወስድ፣ ምንም የማያማቸውን ሰዎች ኤምአርአይና ሲቲ ስካን የሰበሰበ የ2015 ግምገማ 50 ዓመት የሆናቸው ሰዎች ውስጥ 60 በመቶው ዲስካቸው ወጣ ብሎ ይታያል ይላል። ምንም ሳያማቸው! የጋሼ ዲስክ የህመማቸው ምክንያት አይደለም እያልኩ አይደለም፣ ግን የዲስክ መውጣት እንደ ሽበት ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ከሆነ፣ በጉ የተሸጠው ምናልባት ሽበት ፎቶ ለማንሳት ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅ፣ ይሄን አንብቦ "እንቅልፍ ነው በቃ" ብሎ ቤቱ የሚቀመጥ እንዳይኖር። እግር እየሰነፈ ከሄደ፣ ሽንት ካመለጠ ወይ እምቢ ካለ፣ መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ ለነገ አይባልም፣ ያኔውኑ ሐኪም ቤት ነው። ትኩሳትና መክሳት ያለበት፣ ሌሊት የሚብስ የጀርባ ህመምም እኛ አገር የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል ዝም አይባልም።

እንቅልፍ ህብለ ሰረሰር ላይ ምን ያህል ሥልጣን እንዳለው ማየት የፈለገ ዱካክ ይጠይቅ። ህልም በምናይበት እንቅልፍ የአንጎል ግንድ ህብለ ሰረሰር ላይ ያሉትን ጡንቻ አዛዥ ነርቮች ዝም ያሰኛቸዋል፣ ህልሙን ተነስተን እንዳንሮጥ። አእምሮ ቀድሞ ሲነቃና ማሰሪያው ሳይፈታ ሲቀር ነው ደረት ላይ የተቀመጠብን የሚመስለን። ሴት አያቴ ትራስ ስር ቢላ ታደርግ ነበር፣ በሷ አልፈርድም፣ እኔም አንድ ጊዜ ይዞኝ ሳይንሱን እያወቅኩ ቢላው አምሮኛል።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1954 በፈረንጅ ጀምሮ የጤና ባለሙያ የሚያወጣ ነው፣ እዚሁ ከተማ የመምህራን የወገብ ህመም ላይም የፀጉር አስተካካዮች የእጅና የትከሻ ህመም ላይም ጥናት ተሰርቷል። አቅሙ አለ። እኔ አዲስ ማሽን ግዙ አላልኩም፣ ካርዱ ላይ ሁለት መስመር ነው የምጠይቀው፣ ስንት ሰዓት ይተኛሉ፣ ስንት ጊዜ ይነቃሉ። መልሱ መጥፎ ከሆነ ከመርፌው ጎን ስለ ማታ ቡና፣ ስለ መኝታ ሰዓት፣ ስለ ጭንቀት 5 ደቂቃ ቢወራ።

ጋሼ ቀጠሮ ስላላቸው የቀጠሮ ካርዳቸው ጀርባ ላይ "እንቅልፍ" ብዬ ልጽፍላቸው እስክሪብቶ አወጣሁ። "በትልቁ ጻፈው የኔ ልጅ" አሉኝ፣ "ይሄ መነጽር ለመርፌ ቀዳዳ ብቻ ነው የሚሰራው፣ ዶክተሩም ሲያይ ቸኩሎ ነው።" በትልቁ ጻፍኩት። ሱሪውን ለማክሰኞ ቀጠሩኝ።