ጀግናው ብቻውን ደሴት ገባ (ከ40 ሰው ጋር)

እስቲ ዛሬ ደግሞ ያልተዘመረለትን ጀግና እናወድስ። ያልተዘመረለት ስል እሱ ራሱ ለራሱ የሚዘምረውን ሳልጨምር ነው። አንድ ባክፓክ ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ብቻውን፣ በጣም በትንሽ ገንዘብ፣ ካርታ ላይ ዝንብ ያረፈ የሚመስል ትሮፒካል ደሴት ድረስ ሄዶ ጋደም ያለውን ሰውዬ ማለቴ ነው። ጋደም ማለት ቀላል ይመስላችኋል አይደል? ሞክሩታ። ጋደም ብሎ፣ ጋደም ማለቱን በድሮን ቀርፆ፣ ቆራርጦ ቀጣጥሎ፣ ከስር ለስለስ ያለ ሙዚቃ አስገብቶ፣ «ከስልኬ ተገላግዬ ከራሴ ጋር ነኝ» ብሎ በዛው በስልኩ መለጠፍ የማንም ተራ ሰው ችሎታ አይደለም።

ከሁሉ በፊት የሚደነቀው ብቻውን መሆኑ ነው። ማንንም ሳይፈልግ! በርግጥ የሌሊቱን አውቶብስ የነዳው ሹፌር ነበረ፣ ፌሪው ላይ ገመድ የሚወረውሩት ልጆች ነበሩ፣ ደሴቷ ወደብ ስለሌላት የጀግናው ጫማ እንዳይርስ ሻንጣውን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ እስከ ጉልበቱ ባህር ውስጥ የገባ ሽማግሌም ነበረ፣ ሆስቴሉ ውስጥ ደግሞ አንሶላ የምትቀይረው ሴትዮ፣ ጀነሬተር የሚያስነሳው ወጣት፣ እዛው ዶርም ውስጥ ተደራራቢ አልጋ ላይ የሚያንኮራፉ ሌሎች 11 ብቸኛ ተጓዦች አሉ፣ ግን እነሱ አይቆጠሩም። ጨረቃ ስትሞላም ኮ ፓንጋን የምትባል የታይላንድ ደሴት ሄዶ ሃድ ሪን የሚባለው ባህር ዳርቻ ላይ በላስቲክ ባልዲ የተቀዳ መጠጥ ይዞ፣ ሺህ ምናምን ብቸኛ መሀል ብቻውን ይጨፍራል። ያቺ ጀምበር ስትጠልቅ በባህሩ ዳር ለብቻው ጭልጥ ብሎ ሲሄድ ከኋላ የምታሳየው ቪዲዮ አለች አይደል፣ እሷን ማን ቀረፃት ብሎ የሚጠይቅ ምቀኛ ደግሞ አይጠፋም።

ለነገሩ የምር ብቻውን ደሴት ላይ የቀረ ሰው በታሪክ አለ፣ አሌክሳንደር ሴልከርክ የሚባል ስኮትላንዳዊ መርከበኛ። በ1704 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ይቺ መርከብ ለባህር አትበቃም ብሎ ከካፒቴኑ ጋር ተጣላና ከቺሊ ወዲያ ያሉት የሁዋን ፈርናንዴዝ ደሴቶች ላይ አውርዱኝ አለ። አወረዱት። ጥለውት ሲሄዱ ሀሳቡን ቢቀይርም ካፒቴኑ ወይ ፍንክች፣ በቃ አራት ዓመት ከአራት ወር ፍየል ሲያሳድድ ኖረ፣ ሌሊት ሌሊት አይጥ እግሩን እየቆረጠመ ስላስቸገረው የዱር ድመት አለማምዶ አጠገቡ ያስተኛ ነበር፣ በ1709 ሌላ መርከብ መጥቶ ሲያነሳው መናገር ራሱ ከብዶት ነበር። (መርከቧ ግን እውነትም ኋላ ሰጥማለች፣ ሰውዬው ልክ ነበር።) በጀቱ ዜሮ፣ አብሮት ያንኮራፋ ቱሪስት ዜሮ። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ደሴቷ ትሮፒካል አይደለችም፣ አንድ ፎቶ እንኳ የለውም። የኛ ጀግና ዋይፋይ ለአንድ ከሰዓት ሲጠፋበት ያየውን መከራ ሴልከርክ መች አየውና።

ቁጠባው ላይ ግን ትንሽ ቆየት ማለት አለብኝ፣ ምክንያቱም ቁጠባ ሳይሆን ጥበብ ነው። ጀግናችን አሸዋው ላይ ኮኮናት የሚሸጥ ልጅ ያገኛል። ልጁ ዛፉ ላይ በባዶ እግሩ ወጥቶ ነው ያወረደው፣ ያቀዘቀዘበት በረዶ ደግሞ ከዋናው መሬት በጀልባ የመጣ ነው። ዋጋውን ሲነግረው ጀግናው ደረቱን ይዞ ሊወድቅ ይደርሳል። «ኧረ እኔ እንደነዛ ቱሪስቶች አይደለሁም!» ይላል፣ እንደነዛ ቱሪስቶች በዛው ጀልባ መጥቶ፣ ያንኑ የዝሆን ስዕል ያለበትን ሰፊ ሱሪ ለብሶ። ከዛ ድርድሩ ይጀመራል፣ ግማሽ ዶላር ለማስቀነስ ግማሽ ሰዓት፣ ሄድኩ ብሎ መሄድ፣ ይጠራኝ ይሆን ብሎ ዞር ማለት፣ መመለስ፣ ዋሌቱን ከፍቶ ባዶውን ኪስ ማሳየት (ሙሉው በሌላ ዚፕ ነው ያለው)፣ መጨረሻ ላይ ልጁ ይደክመውና ውሰድ በቃ ይለዋል። ማታ ሆስቴል ውስጥ ይሄ ገድል ይተረካል። ሌሎቹም በተራቸው የየራሳቸውን ያወራሉ፣ በ4 ዶላር ያደረው በ6 ያደረውን በሀዘኔታ ያየዋል፣ በ3 ዶላር ያደረው አፉን ሲከፍት ዶርሙ ፀጥ ይላል፣ ጦር ሜዳ ውሎ የመጣ ሰው እንኳ እንዲህ አይከበርም። እጁ ላይ ያለችው ስልክ ከልጁ አባት የጀልባ ሞተር ትወደዳለች፣ ግን እሷ በጀት ውስጥ አትገባም፣ እሷ ኢንቨስትመንት ናት።

ርህራሄ የለውም እንዳትሉ ብቻ። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሎምቦክ አጠገብ ያሉት የጊሊ ደሴቶች ላይ መኪናና ሞተር ሳይክል ስለማይፈቀድ ሰውና ዕቃ የሚጓጓዘው ቺዶሞ በሚባል የፈረስ ጋሪ ነው፤ ጀግናችን ፈረሱ አሳዘነው፣ በጣም ከማዘኑ የተነሳ ጋሪ ነጂውን ግማሽ ዋጋ ብቻ ከፈለው። ከነባክፓኩ ግን ተሳፍሯል።

ደግሞ «እኔ እንደ አገሬው ሰው ነው የምኖረው» ሲል አንጀቴን ነው የሚያርሰኝ። አገሬው ሌሊት አስር ሰዓት ተነስቶ መረብ ይጥላል፣ ጀግናው ጠዋት አራት ሰዓት ተነስቶ ባናና ፓንኬክ ያዛል። አገሬው ልጁ ሲታመምበት ሀኪም ያለበት ደሴት የሚያደርስ ጀልባ ፍለጋ ይሯሯጣል፣ ጀግናው ሃሞክ ላይ (ሁለት ዛፍ መሀል የሚታሰር መረብ አልጋ ነው) ተጋድሞ «እነዚህ ሰዎች ምንም የላቸውም፣ ግን እንዴት ደስተኛ ናቸው» ብሎ ይፅፋል። ደስተኛ መሆናቸውን በምን አወቀ? ፈገግ ብለው ስላስተናገዱት ነዋ! ፈገግ ማለት ስራቸው እንደሆነ ማን ይንገረው፣ እኔ በበኩሌ አልነግረውም፣ ለምን ደስታውን እነጥቀዋለሁ።

ማልዲቭስን ውሰዱ። እስከ 2009 አካባቢ ድረስ ቱሪስት የሚያርፈው ለብቻቸው በተመደቡ የሪዞርት ደሴቶች ላይ ነበር፣ ያው የባለገንዘብ ቦታ፣ ከዛ መንግስት ሰው በሚኖርባቸው ደሴቶችም ገስት ሀውስ እንዲከፈት ፈቀደና እንደ ማፉሺ ያሉት ለባክፓከርም ተከፈቱ። ጀግናችን ሲያወራው ግን ፈቃዱን ራሱ ፈርሞ የሰጠ ነው የሚመስለው። በህዝብ ፌሪ በጥቂት ዶላር ልሂድ አለ፣ ጎሽ፣ ግን ፌሪዎቹ ዓርብ ዓርብ በአብዛኛው እንደማይሰሩ ሳያጣራ ዓርብ ቀን ወደብ ላይ ተገትሮ ዋለና «እነዚህ ሰዎች ሲስተም የላቸውም» አለ። ሰው የሚኖርበት ደሴት ላይ አልኮል ክልክል ነው፣ ቢኪኒም ለሱ ተብሎ በተከለለ ባህር ዳርቻ ብቻ ነው የሚለበሰው፣ ይሄን የሰማው ከደረሰ በኋላ ነው፣ የአገሬውን ባህል ሊያይ ያን ያህል ርቀት መጥቶ ባህሉ መንገዱ ላይ ቆሞ ጠበቀው። ከሁሉ የከፋችበት ግን ግሪን ታክስ የምትባለዋ፣ ቱሪስት ለአካባቢ ጥበቃ የሚከፍላት ግብር ናት፣ አነስተኛ ገስት ሀውስ ውስጥ ለሚያድር በቀን 3 ዶላር የነበረችው ከ2025 ጀምሮ 6 ሆነች። ስድስት ዶላር! ደሴቶቹ ከባህር በላይ በአማካይ 1.5 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ያሉ ናቸው፣ ቆሻሻው ደግሞ ዋና ከተማዋ ማሌ አጠገብ ቲላፉሺ በምትባል ራሷም በቆሻሻ ተሞልታ በተሰራች ደሴት ላይ ነው የሚራገፈው፣ ስለዚህ የሆነ ሰው መክፈል አለበት፣ ግን ለምን እሱ? እሱ እዛ የተወው ባዶ የውሃ ላስቲክና ያለቀ የሰንስክሪን እቃ ብቻ ነው። የኢንዶኔዥያዋ ባሊ ከ2024 ጀምሮ ከውጭ የሚመጣ ቱሪስት ሁሉ 150,000 ሩፒያ ይክፈል ስትል ደግሞ፣ ወደ 10 ዶላር መሆኑ ነው፣ ጀግናችን ቪዲዮ ሰራ፣ «ጉዞ መብት ነው» የምትል፣ በጣም ታይታለች።

ውሃ ካነሳን አይቀር። ትንንሽ የኮራል ደሴቶች ላይ (ኮራል ማለት ባህር ውስጥ እንደ ድንጋይ እየተቆለለ የሚያድግ ህይወት ያለው ፍጥረት ነው) ወንዝ የሚባል ነገር የለም፣ ዝናቡ አሸዋው ውስጥ ይሰርግና ከስር ያለው የባህር ውሃ ላይ በስሱ ተንሳፎ ይቀመጣል፣ ጨው የሌለው ውሃ ቀለል ስለሚል ነው፣ ዝናብ ከሚተካው በላይ ከቀዱት ግን ባህሩ ከስር ሽቅብ ይመጣና ጉድጓዱ ይበላሻል። ጀግናችን በቀን ሶስቴ ሻወር ይገባል፣ አሸዋ አይወድም፣ (አሸዋ ላይ ሊተኛ ነው የመጣው ግን)። ሳምንቱ መጨረሻ ላይ ውሃው ጨው ጨው ሲለው ለሆስቴሉ ሁለት ኮከብ ሰጠና «ቦታው ገነት፣ ሻወሩ ግን ይታሰብበት» ብሎ አስተያየት ፃፈ። እንዲህ ያለ ቀና ሰው ከየት ይገኛል።

አሸዋው ራሱ እኮ ጉድ አለው። ያ በባዶ እግሩ ሲሄድበት «ከተፈጥሮ ጋር ተገናኘሁ» የሚልለት ነጭ አሸዋ፣ ብዙ የኮራል ደሴቶች ላይ ትልቁን ድርሻ የሚያመርተው ፓሮት ፊሽ የሚባለው አሳ ነው፣ የሞተውን ኮራል ከነአልጌው ፍቆ ይውጥና፣ ሆዱ ውስጥ ይፈጭና፣ በወዲያኛው በኩል ይለቀዋል። አንድ ትልቅ ፓሮት ፊሽ በዓመት በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ ጀግናው በሆዱ ተኝቶ፣ ጉንጩን አሸዋው ላይ ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ በረጅሙ ሲተነፍስ አደራ እንዳትነግሩት። ማታ ደግሞ ያንኑ አሳ አስጠብሶ ይበላል፣ ርካሽ ነዋ።

ኮራሉንም ይወደዋል፣ በጣም ስለሚወደው ይቆምበታል። ስኖርክል ሲያደርግ፣ ማለትም ፊቱን ውሃ ውስጥ ነክሮ በቱቦ እየተነፈሰ ሲዋኝ፣ መነፅሩ ውስጥ ውሃ ከገባ የት ይቁም ታዲያ? ድንጋይ የሚመስለው የኮራል ዓይነት በዓመት አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ነው የሚያድገው፣ ጀግናችን በአንድ እርግጫ የአንድ ትውልድ ስራ ይገላግለዋል። ፓላው የምትባል የፓስፊክ ደሴት አገር ከ2017 ጀምሮ የሚገባ እንግዳ ሁሉ ተፈጥሮዬን አትጎዳም ብሎ ፓስፖርቱ ላይ በታተመ ማህተም እንዲፈርም ታደርጋለች፣ ከ2020 ጀምሮ ደግሞ ኮራል የሚጎዱ ሰንስክሪኖችን ከልክላለች። ጀግናችን ፓላው አልሄደም፣ ውድ ናት፣ ግን የማህተሙን ፎቶ ከሰው ወስዶ ከልብ ምልክት ጋር ሼር አድርጓል።

ውይ፣ ስኩተሩን ልረሳው ነበር። የሞተር መንጃ ፈቃድ የለውም፣ ሄልሜት ፀጉሩን ያበላሽበታል፣ ኢንሹራንስ ለፈሪ ነው። የሚቀጥለውን መገመት አያቅታችሁም። ቀኝ ባቱ ላይ የጭስ ማውጫው ጠባሳ ይቀራል፣ ይሄ ነገር ከመለመዱ የተነሳ የኮ ፓንጋን ታቱ ብለው ስም ሁሉ አውጥተውለታል፣ በነፃ የሚገኝ ታቱ ስለሆነ በጀቱን አይነካም። ሆስፒታሉ ግን ይነካል፣ ኢንሹራንስ ቢኖረው እንኳ ያለመንጃ ፈቃድ ለነዳ ሰው አብዛኛው አይከፍልም፣ እና ያው የገንዘብ ማሰባሰቢያ ሊንክ ይለቀቃል። እናቱ አዋጣች፣ አክስቱ አዋጡ፣ «ቢሮ ውስጥ የታሰራችሁ ባሪያዎች» እያለ ስቶሪ ላይ ሲሳለቅባቸው የከረሙት የድሮ የስራ ባልደረቦቹ ሁሉ አዋጡ። ያልተሰበሩት ጓደኞቹ ደግሞ ከዛ አገር ለማኝ አጠገብ ካርቶን ዘርግተው «ጉዞዬን ደግፉ» ብለው ይቀመጣሉ። ብቻውን ዓለምን መዞር እንዲህ ነው።

የመጨረሻው ተሰጥኦው ማንም ያልደረሰበት ደሴት ማግኘት ነው። ማንም ሲባል እዛ ተወልደው ያረጁትን አይጨምርም። አግኝቶ ደግሞ አይሰስትም፣ ወዲያው ከነካርታው ይለቀዋል፣ ከዛ ሁሉም ይመጣል፣ ሁሉም ብቻውን። ታይላንድ ውስጥ ያለችው ማያ ቤይ በቀን እስከ 5000 ሰው እየገባባት ኮራሏ ሲያልቅ በጁን 2018 ተዘጋች፣ ለአራት ወር የተባለው እስከ 2022 መጀመሪያ ዘለቀ፣ ሰው ሲርቅላቸው ሻርኮቹ ተመለሱ፣ አሁን ጀልባ በፊት ለፊት አይገባም፣ በየዓመቱም ለሁለት ወር ትዘጋለች። ፊሊፒንስም በዛው ዓመት ቦራካይ የምትባለውን ደሴቷን ለስድስት ወር ጥርቅም አድርጋ ዘጋች፣ የያኔው ፕሬዚዳንት ዱቴርቴ የፍሳሽ ጉድጓድ ሆናለች ብለው፣ የፍሳሹ ትቦ ቀጥታ ወደ ባህር ነበራ። ጀግናችን ሁለቱንም ሲሰማ በጣም ነው ያዘነው። «ቱሪስት አበላሸው» አለ። እኔ ስሄድ እኮ እንዲህ አልነበረም ብሎ የድሮ ፎቶውን ለጠፈ፣ ፎቶው ላይ ከጀርባው ያሉትን ሰላሳ ጀልባዎች በአፕ አጥፍቷቸዋል።

አሁን አዲስ ደሴት አግኝቷል አሉ። የዚህኛውን ስም ግን ለማንም አልናገርም፣ ይሄኛውን እንጠብቀው ብሏል። ሪሉ ነገ ማታ ይወጣል።