«እንትን» ሲበዛ

አጎቴ ጡረታ እስኪወጡ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ነው። ናዝሬት ሲገቡ አማርኛ ተጨመረ። ሥራ ቦታ ደግሞ የፈረንሳይኛ ፍርፋሪ ለቃቀሙ። እስከ ዛሬ ድርጅቱን «ሽመንደፈር» ነው የሚሉት። ወሬ የሚያምርባቸው ሰው ናቸው። ዕድር ላይ ጠብ ሲነሳ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ።

ከሦስት ዓመት በፊት «እንትን» በዛባቸው።

«ያንን እንትን አቀብዪኝ።» «እንትኑ ጋ ሄጄ፣ እንትን አድርጌ መጣሁ።» መጀመሪያ ማንም ልብ አላለውም። አማርኛ እኮ ለዚህ የተመቸ ቋንቋ ነው። «እንትን» ስም ይሆናል፣ ግሥ ይሆናል፣ የሰውም የቦታም ስም ይተካል፣ ነውርም ይሸፍናል። ጤነኛው ሰው በቀን ስንት ጊዜ እንደሚለው እስቲ ቁጠሩት። ስለዚህ ቃል የሚጠፋው ሰው ብዙ ጊዜ ሳይነቃበት ይከርማል።

ግራ ያጋባን ሌላው ነገራቸው ደህና መሆኑ ነው። የዕድር መዋጮ ማን እንዳልከፈለ ያውቃሉ። ባጃጅ ላይ መልስ አይሸወዱም። ዳማ ሲጫወቱ ልጆቹን ያስለቅሳሉ። ቃሉ ብቻ እምቢ አላቸው። ቤት ውስጥ የተሰጠው ፍርድ ግን አጭር ነበር፦ «ጃጁ።»

ይህችን ቃል አልወዳትም። ስንት በሽታ ቀብራለች። ግፊት ሲሆን ሐኪም ቤት እንሮጣለን። ቃል ሲጠፋ ግን «ዕድሜ ነው» ብለን ቡናችንን እንጠጣለን።

አጎቴ ያለባቸው ነገር ስም ያለው መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው። ፕሮግሬሲቭ አፌዝያ ይባላል፤ እየዋለ እያደር የሚብስ የቋንቋ መጥፋት ማለት ነው። ወሬው አዲስ አይደለም። በ1892 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) አርኖልድ ፒክ የተባለ የፕራግ ሐኪም፣ ንግግራቸው እየጠፋ ስለሄደ የ71 ዓመት ሰው ጽፏል። ሰውዬው ሞተው አንጎላቸው ሲታይ በግራ በኩል ተሸብሽቦ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ለረጅም ጊዜ ተረሳ። በ1982 ትውልደ ቱርካዊው የነርቭ ሐኪም ማርሴል መሱላም ስድስት ታማሚዎች ይዞ መጣ። የስድስቱም ቋንቋ ቀስ በቀስ እየጠፋ ነበር፤ የማሰብ ችሎታቸው ግን እንዳለ ነበር። ያኔ ነው ሕመሙ ራሱን የቻለ ስም ያገኘው። ሰፊው ሕዝብ የሰማው ደግሞ በሆሊውዱ ተዋናይ በብሩስ ዊሊስ ነው። ቤተሰቡ በ2022 አፌዝያ እንዳለበት፣ በ2023 ደግሞ ፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሽያ (የአንጎልን የፊትና የጎን ክፍል እየጎዳ አእምሮን የሚያደክም ሕመም) መሆኑን ተናገሩ።

በ2011 ተመራማሪዎች ተስማምተው በሦስት ከፈሉት። አንደኛው አፍን የሚያስር ነው። ሰውየው የሚለውን ያውቃል፤ ግን ቃሉን እየታገለ ነው የሚያወጣው፤ ሰዋስውም ይፈርሳል። ሁለተኛው ትርጉምን የሚበላ ነው። ይኼኛው ይከብደኛል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና ያፈሉ ሴት «ጀበናውን አምጪው» ሲባሉ «ጀበና ምንድነው?» ብለው ይጠይቃሉ። አፋቸው ይፈስሳል፣ ቃሉን ግን አያውቁትም። ሦስተኛው የአጎቴ ዓይነት ነው። ቃሉ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ይቆማል። ረዘም ያለ ዓረፍተ ነገር ድገሙ ቢባሉም ግማሹ ይጠፋቸዋል። የዚህኛው መነሻ አብዛኛውን ጊዜ ያው አልዛይመር ነው። በማስታወስ በኩል ሳይሆን በቃል በኩል የገባ አልዛይመር በሉት።

አሁን ወደ ተናደድኩበት ነገር ልግባ።

አጎቴን አንድ ጤና ተቋም ወሰድናቸው። የቱ እንደሆነ ይቅር፤ የመረመራቸው ልጅም ጥፋት የለበትም፣ የተሰጠውን ወረቀት ነው የሞላው። «አሁን ያለነው የት ከተማ ነው?» አላቸው። «ናዝሬት» አሉ። ልጁ እስክሪብቶውን አንስቶ አመነታ። በወረቀት ከተማዋ አዳማ ከሆነች ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗታል። ግን የታክሲ ረዳቱም ዛሬ «ናዝሬት! ናዝሬት!» እያለ ይጮሃል እኮ! ቀጠለና ሰዓት እንዲስሉ ጠየቃቸው፦ «አምስት ሰዓት ከአስር አድርጉት።» አጎቴ ወረቀቱን አዩ፣ ቆዩ፣ ከዚያ ቀስ ብለው «በፈረንጅ ነው... በእኛ?» አሉ። ልጁ «ግራ ተጋብተዋል» ብሎ ጻፈ።

ግራ የተጋቡት እሳቸው አይደሉም። የሰዓት ሥዕሉ ፈተና በተሠራበት አገር አሥራ አንድ ከአስር ሲባል ትንሹ እጅ 11 ላይ ያርፋል፣ አለቀ። እኛ ዘንድ አምስት ሰዓት ሲባል እጁ 11 ላይ ነው። ቃሉ ሌላ፣ ቁጥሩ ሌላ። ይህንን ልዩነት ማስተዋል ጤነኝነት ነው እንጂ መሳት አይደለም።

ወደ ቤት ስንመለስ ስለነዚህ ፈተናዎች ማንበብ ጀመርኩ፤ አንዳንዱ ያስቃል። በዓለም የታወቀው ባለ 30 ነጥብ የአእምሮ መመዘኛ የወጣው በ1975 ነው። ታማሚው «ዓለም» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ከኋላ ወደ ፊት ፊደል በፊደል እንዲጠራ ያደርጋል። በእንግሊዝኛ አምስት ፊደል ነው። በእኛ ሦስት ነው፦ ም፣ ለ፣ ዓ። አንዱ ታማሚ በ«ዓ» ሌላው በ«አ» ቢጽፍስ? በአንድ ደቂቃ ውስጥ በአንድ ፊደል የሚጀምሩ ቃላት ዘርዝሩ የሚል ፈተናም አለ። «ፈ» ስንል «ፉ»ም ይቆጠራል? «ፍ»ስ? ፊደል ያልቆጠሩ እናትስ? ሌላው ባለ 60 ሥዕል የስም ጥሪ ፈተና ነው። የበረዶ ቤት አለበት፣ ቢቨር የሚባል የወንዝ እንስሳ አለበት፣ ተጠማዝዞ የተጋገረ ጨዋማ ብስኩትም አለበት። አዳማ ላይ የበረዶ ቤት! አጎቴ ስሙን ቢያጡት መረሳት ነው ወይስ ድሮም ሳያውቁት?

አንድ የምወደው ፈተና ግን አለ። ሥዕል ይሰጥሃል፦ እናት ዕቃ ታደርቃለች፣ ውኃው ከመታጠቢያው ሞልቶ ይፈስሳል፣ ልጅ በርጩማ ላይ ወጥቶ ብስኩት ይሰርቃል። «ንገረኝ» ትባላለህ። ሐኪሙ አንተ የምትናገረውን ያዳምጣል፦ ስንት ስም፣ ስንት ግሥ፣ ስንት «እንትን»። ዛሬ ኮምፒውተርም ይህንኑ ንግግር ይተነትናል። ሐሳቡ ግሩም ነው። እኛ ደግሞ የራሳችንን መሳል አያቅተንም። ረከቦት፣ የሚገነፍል ጀበና፣ ወሬ የያዘች ጎረቤት፣ ከኋላ ስኳር የሚዘግን ልጅ። የሥነ ጥበብ ተማሪ በአንድ ከሰዓት ይሠራዋል። ቀሪው ሥራ፣ ጤነኛ አረጋውያን ምን እንደሚሉ መመዝገብ፣ የዩኒቨርሲቲ ነው። እዚህም አዳማ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ የሕክምና ኮሌጅም አለ። ምዝገባው ግን በአማርኛም በኦሮምኛም ይሁን።

ሁለቱም ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አብዛኛው የአፌዝያ ጥናት የተሠራው በእንግሊዝኛና በዘመዶቿ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሰዋስው ሲፈርስበት የግሡን ጭራ ቆርጦ ይጥላል፤ የቀረው አሁንም ቃል ነው። በአማርኛ ግን «ስ-ብ-ር» የሚሉት የግሥ ሥር ብቻውን አይነገርም። ሰበረ፣ ትሰብራለች፣ ተሰባበሩ፤ የግድ አንዱን መልበስ አለበት። ዕብራይስጥም እንዲሁ ነው፤ በዚያ ቋንቋ የተጠኑ አፌዝያ ያለባቸው ሰዎች አይቆርጡም፣ አንዱን ቅርጽ በሌላው ይለውጣሉ። የእኛም እንዲያ ቢሆን አይገርመኝም። አጎቴ ሴት ልጃቸውን «መጣህ?» ሲሏት ሳቅን። እሷ ግን «አባዬ ድሮም ሲቸኩል እንዲህ ይላል፣ ኦሮምኛው ስለሚቀድመው» አለች። ታዲያ የትኛው ነው ሕመሙ፣ የትኛው ነው ድሮ የነበረው? በአንድ ቋንቋ ብቻ የሚፈትን ሐኪም ይህን እንዴት ይለየዋል? ሁለት ቋንቋ ያለው ሰው ሲታመም ሁለቱም ይጎዱበታል፤ ግን እኩል ላይጎዱ ይችላሉ። በአማርኛ የወደቀው ቃል በኦሮምኛ ቆሞ ይገኝ ይሆናል። አጎቴ «ውኃ» ጠፍቷቸው «ቢሻን» ያሉበት ቀን አለ። ውኃው መጣላቸው፣ ጠጡ።

የሁለት ቋንቋ ነገር ከተነሳ የሕንዱን ጥናት ማለፍ አልችልም። በሃይደራባድ 648 የዲሜንሽያ ታማሚዎች ታዩ፤ ውጤቱ በ2013 ወጣ። ከአንድ በላይ ቋንቋ የሚናገሩት ላይ ሕመሙ አራት ዓመት ተኩል ያህል ዘግይቶ ነው የጀመረው። ማንበብና መጻፍ በማይችሉትም ላይ ልዩነቱ ታየ። ይህን ሳነብ ገበያ ውስጥ በሁለትና በሦስት ቋንቋ የሚከራከሩ የአዳማ እናቶች ናቸው የታወሱኝ። ግን ቶሎ አልፈንድቅ። ያው ቡድን በ2017 ባወጣው ጥናት፣ ቋንቋን የሚበላው ዓይነት ላይ መዘግየቱን አላገኘም። ለአጎቴ ሦስት ቋንቋ አጥር አልሆነላቸውም።

መድኃኒትስ? የሚያድን የለም። የንግግር ሕክምና ይረዳል፤ ባለሙያውን ማግኘት ነው ችግሩ። ቢሆንም መመርመር ከንቱ አይደለም። አፌዝያ የመሰለው የጆሮ መድከም ሊሆን ይችላል። ድብርት፣ የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 ማነስም ሰውን ያደነዝዛል፤ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ። ቃሉ በአንድ ጊዜ፣ በደቂቃ ውስጥ ከጠፋ ግን ስትሮክ ነው ብላችሁ ሩጡ። ጠበል ለሚወስድም ክፉ ቃል የለኝም። ሐኪሙም ይየው ነው የምለው።

ከሁሉ የሚያበሳጨኝ የጠያቂ እንግዳ ነገር ነው። ባህላችን መጠየቅን ያውቃል፣ ተመስገን። ግን ገና ከበር «አወቁኝ? እስቲ ማን ነኝ?» እንላለን። ቤቱ በሙሉ ዝም ብሎ መልስ ይጠብቃል። አጎቴ ያውቁታል። አብረው ዳማ የተጫወቱት ሰው ነው፣ ምን ያህል እንደተበደራቸው ሁሉ ያውቃሉ። ስሙ ነው የማይመጣው። ላብ ይወጣቸዋል፣ ይስቃሉ፣ «እንትን... የእንትን ልጅ» ይላሉ። እንግዳው አንገቱን ነቅንቆ ወደ እኛ ዞሮ፣ እሳቸው እየሰሙ «ጨርሰዋል በቃ» ይላል። መስማት እንኳ አልጠፋባቸውም!

አክስቴ ከዚህ በኋላ ሕግ አወጣች። እንግዳ ሲመጣ በር ላይ ትቆማለች፦ «ስምህን ንገረውና ግባ። ሲናገር አትጨርስለት። ከተቸገረ በኦሮምኛ ጠይቀው።» አንዳንዱ ቅር ይለዋል። ባለፈው እሑድ አንድ የድሮ የባቡር ባልደረባቸው መጥቶ ሕጉን ሰምቶ ገባ። ስሙን ተናገረ፣ አጠገባቸው ተቀመጠ፣ የዳማውን ሰሌዳ ሳበ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ምንም አላወሩም። አጎቴ ሦስቱንም ዙር በሉት።