ሁለት ዛፍ ላይ የወጣችው ፓት

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» የሚለው ተረት ለወንድ ሲሆን ይላላል። ወንዱ ቀን ቢሮ ውሎ ማታ ጊታር ቢመታ «ሁለገብ» ይባላል። ሴቷ ሁለት ነገር ከያዘች ግን ሰፈሩ ስብሰባ ይቀመጣል። «ምናለ አንዱን ብትይዝ?» ይላል። የቱን እንደሆነ ግን አይነግራትም።

እንግሊዛዊቷ ፓት ሞስ ሁለቱንም ዛፍ ወጥታለች። በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1934 ተወልዳ በ2008 እስካረፈችበት ጊዜ «የስተርሊንግ ሞስ እህት» መባል አልቀረላትም። ስተርሊንግ ዝነኛው የፎርሙላ ዋን መኪና ተወዳዳሪ ነበር። የአገሩ ፖሊስ የሚከንፍ ሹፌር ሲያስቆም «ማን ነኝ ብለህ ነው? ስተርሊንግ ሞስ?» ይል ነበር አሉ። ፓትን ያስቆመ ፖሊስ ካለ መልሷን ብሰማ ደስ ባለኝ።

የመኪና መሪ ያስያዛት ይኸው ወንድሟ ነው፣ ገና በ11 ዓመቷ። መጀመሪያ ስም ያወጣችው ግን በፈረስ ዝላይ ሲሆን፣ ለብሪታኒያ ቡድን እስከ መሰለፍ ደርሳለች። የመኪና ራሊ (ረጅም መንገድ በተወሰነ ሰዓት የሚያቋርጡበት ውድድር) የጀመረችው በ1953 ነው።

የሁለቱን ስፖርት ሕግ ያወጣችው አማት ትመስለኛለች። ፈረሱ አጣናውን ከጣለ 4 የቅጣት ነጥብ። ራሊ ላይ መቆጣጠሪያው ጋ አርፍደሽ ከደረስሽ ሌላ ቅጣት። «እንዴት አሳመርሽው!» የሚል የለም፤ የሚቆጠረው ጥፋት ብቻ ነው። ምራት ሆና የኖረች ሴት ለዚህ ልምምድ የሚያስፈልጋት አይመስለኝም።

መኪና ደግሞ ደግ ነው። ጋራዥ አስገብተሽ ቆልፈሽ ብትሄጂ አያኮርፍም። ፈረስ ቁልፍ የለውም። ጠዋት ይበላል፣ ውሃ ይፈልጋል፣ ፋንዲያው ይጠረጋል፣ ኮቴው ይጸዳል። ባለቤቱ ከሞንቴ ካርሎ ራሊ በረዶ ውስጥ ገና ብትወጣም እሱን አያገባውም። የፈረስ ውድድር የሚደራው በሙቀቱ ወራት ነው፤ ሞንቴ ካርሎ ጥር ላይ ነው። እስከዚህ ድረስ ይስማማሉ። ነሐሴ መጨረሻ ሲመጣ ግን ፈረሱም ራሊውም እኩል ይጠሯታል።

በ1955 አንድ የመኪና ፋብሪካን የውድድር ወጪዋን እንዲሸፍንላት ብትጠይቀው እምቢ አላት። ሌላው የእንግሊዝ መኪና ፋብሪካ ኤም ጂ ግን መኪናውንም ወጪውንም ቻለ። በዚያው ከእናት ድርጅቱ ጋር ለዓመታት ዘለቀች። እምቢ ያለው ሰውዬ በኋላ ጋዜጣ ሲገልጥ ምን እንዳለ እንጃ።

ያኔ በየራሊው «የሴቶች ዋንጫ» የሚባል ነበር። «ጎበዝ፣ በሰላም ገባሽ!» ዓይነት ዋንጫ። ፓት የአውሮፓ ሴቶች ሻምፒዮን 5 ጊዜ ሆናለች። ወንድሟ በዓለም ሻምፒዮናው ከ1955 እስከ 1958 በተከታታይ ሁለተኛ ወጥቶ፣ አንደኛ ሳይሆን ነው ያቆመው። እሁድ ምሳ ላይ ይህ ወሬ እንዴት እንደሚነሳ አስቡት።

በ1960 ግን የሴቶቹን ዋንጫ ትታ ዋናውን አነሳች። ከቤልጂየሟ ከተማ ሊዬዥ የሚጀምረው ሊዬዥ–ሮም–ሊዬዥ ለአራት ቀንና ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳ ራሊ ነበር፤ አብዛኛው ተወዳዳሪ መንገድ ላይ ቀረ። ፓት ኦስቲን ሂሊ 3000 ይዛ፣ አጠገቧ አን ዊዝደም ካርታ እያነበበች፣ ከወንዱም ከሴቱም አንደኛ ወጣች። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ይባላል። መኪናው ውስጥ የሚያልቅበት ወንድ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለቱ የሆላንዱን ቱሊፕ ራሊ በሚኒ ኩፐር ደገሙት።

እኛ ዘንድ ቀለበት መንገድ ላይ መኪና ሲንገዳገድ «ሴት መሆን አለባት» ብሎ አንገቱን የሚያሰግግ አይጠፋም። ሹፌሩ ሪዛም ሆኖ ሲገኝ ያፈረ ግን አላየሁም።

«ታዲያ መቼ ነው የምታገባው?» ላላችሁ፣ በ1963 አግብታለች። ባልየው በሳብ መኪና ራሊ የሚወዳደረው ስዊድናዊው ኤሪክ ካርልሰን ነው። መኪና ገልብጦ በጣራው ስለሚያስተኛ «ካርልሰን ጣራው ላይ» የሚል ቅጽል የወጣለት። የሞንቴ ካርሎም ባለድል ነው።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። እነዚህ ሁለቱ ዳቦ ሊገዙ ሲወጡ ቁልፉን ማን ይይዛል? ጎን የተቀመጠውስ «ኧረ ቀስ!» ነው የሚለው፣ ወይስ «ምነው፣ እንቅልፍ ያዘህ እንዴ?»