ቢጫው አምፖል ምን በደለ?

ባለፈው ሳምንት ከደብረ ብርሃን ስመለስ መንገድ ላይ መሸብኝ። ሸኖን እንዳለፍኩ ከፊቴ አንድ መኪና መጣ። ረጅም መብራት የለቀቀብኝ መስሎኝ ብልጭ ድርግም አደረግኩበት። እሱም ተናዶ እውነተኛውን ረጅም ለቀቀብኝ። ለካ ያ ሁሉ ነጭ እሳት አጭሩ ኖሯል! ለሁለት ለሦስት ሰከንድ ምንም አላየሁም። ዓይኔ ሲመለስ በቀኜ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ አህዮቹን የሚነዳ ሰው አለፈ።

እንዳጋጣሚ በማግስቱ የእኔም አንዱ አምፖል ተቃጠለ። መኪናዬ እንደ ግማሹ ከተማ ቪትስ ናት። መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄድኩ።

«ኤች ፎር ስጠኝ፣ ሃሎጅኑን፣ ያንን ቢጫ የሚያበራውን።»

«ጋሼ፣ አሁን ሃሎጅን ማን ይገዛል? ኤልኢዲ ልስጥዎት። ሌሊቱን ቀን ነው የሚያደርገው።»

ቀን የሚያደርገው ለማን ነው? የእኔ ጥያቄ ይቺ ናት።

ኤች ፎር የሚባለው የአምፖል ዓይነት በአንድ አምፖል ውስጥ ሁለት ክር፣ ማለትም ግሎ የሚያበራ ቀጭን ሽቦ፣ አለው። የረጅሙ 60 ዋት፣ የአጭሩ 55 ዋት ነው። ከአጭሩ ክር ሥር ትንሽ የብረት ጋሻ አለች። ብርሃኑ ወርዶ የአንጸባራቂውን፣ አምፖሉን የከበበውን መስታወት መሰል ሳህን፣ የታችኛውን ግማሽ እንዳይነካ ትከልላለች። ምክንያቱም ከዚያ የሚነጥረው ብርሃን ሽቅብ ነው የሚሄደው፤ ሽቅብ ማለት ደግሞ ሰው ዓይን ውስጥ ነው። አንጸባራቂው የተሠራው ያ ክር የሚቀመጥበት ቦታ ተለክቶ ነው። በሚሊሜትር ከተዛነፈ ጨረሩ ይበተናል። ኤልኢዲው ክር የለውም። በጠፍጣፋ ብረት ግራና ቀኝ የተለጠፉ ጥቃቅን መብራቶች ናቸው። ሶኬቱ ላይ ልክክ ብሎ ስለገባ ብቻ ገጠመ እንላለን።

ኤልኢዲን ጠልቼ አይደለም። ከፋብሪካ ኤልኢዲ ይዘው የሚመጡት፣ እነዚህ አዳዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖችም ጭምር፣ መብራታቸው ከመነሻው ለእሱ ታስቦ የተሠራ ነው። ጠቤ ለሃሎጅን በተሠራ የመብራት ቤት ውስጥ ከሚሰካው ጋር ነው። 100 በ90 ዋት የሚባለው ሃሎጅንም ያው ነው። ሽቦው የተዘረጋው ለ60 በ55 ነው። ሶኬቱ ቀልጦ ሲሸት ያኔ ይገባናል።

የእርስዎ መኪና ኤች ፎር ላይሆን ይችላል። ረጅሙና አጭሩ ለየብቻ የሆነባቸው ብዙ ጊዜ ኤች ሰቨን ወይም ኤች ኢለቨን ናቸው። «የኮሮላ አምፖል» ብሎ መጠየቅም አያዋጣም። በ2003 ሞዴል ለአሜሪካ የተሠራው ኮሮላ የአጭሩ አምፖል ቁጥር 9006፣ የረጅሙ 9005 ነው፤ የሌላ አገሩ ሌላ ነው። የተቃጠለውን ነቅሎ ይዞ መሄድ ይሻላል። ቁጥሩ እግሩ ላይ ተጽፏል። የጭነት መኪና ከሆነ ደግሞ 24 ቮልት መሆኑን ያረጋግጡ። ስትሰኩት ብቻ መስታወቱን በጣት አትንኩት። የጣት ቅባት ሲግል ያቃጥለዋል። ጋራዥ ውስጥ ግሪስ በነካ እጁ የሚሰካውን ስንቱን አይቻለሁ መሰላችሁ!

«ሃሎጅን እኮ አያሳይም» ይሉኛል። እስቲ የመብራቱን ፕላስቲክ ተመልከቱት። ፀሐይ መትቶት፣ ቢጫ ሆኖ፣ ሳይታጠብ የከረመ የሻይ ብርጭቆ መስሏል። ሽቦውም አለ። አምፖሉ ጋ የሚደርሰው ቮልቴጅ በ10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ ሲሶ ያህል ይቀንሳል። አንድ የዛገ ማያያዣ ለዚህ ይበቃል። እሱን አስጠርጎ፣ ፕላስቲኩን አስወልውሎ 55 ዋቱን ማየት ነው እንጂ ጥፋቱ ሁሉ በቢጫው አምፖል ይላከካል።

በየዓመቱ ቦሎ ስናድስ መኪናችን ይመረመራል። እዚያ «ይበራል ወይ?» ብቻ ተብሎ መታለፍ የለበትም። የት ነው የሚያበራው? ይኼ ከፍሬን እኩል መታየት ያለበት ነገር ነው ባይ ነኝ።

እንግዲህ ሁለት ሃሎጅን ገዝቼ ሁለቱንም ቀየርኩ። አንዱ ከተቃጠለ ሌላውም ብዙ አይቆይም። ማታ ግቢ ውስጥ መኪናዋን ከአጥሩ ፊት አቁሜ አጭሩን አበራሁ። በቀኝ ለሚነዳ አገር የተሠራ አጭር መብራት አጥር ላይ ሲያርፍ ጠርዙ ቀጥ ብሎ ይሄድና በቀኝ በኩል ከፍ ይላል። የመንገዱን ዳር፣ እግረኛውን፣ አህያውን እንዲያሳይ ነው። እኛ ከግራ ወደ ቀኝ የዞርነው በሰኔ 1956 ዓ.ም. ነው። ጃፓን ግን ዛሬም በግራ ነው የምትነዳው። ለራሷ ገበያ የምትሠራው መኪና መብራቱ ከፍ የሚለው በግራ ነው። እዚህ ካሉት ቪትሶች ደግሞ ብዙዎቹ ለጃፓን ገበያ ተሠርተው መሪያቸው ዱባይ ከቀኝ ወደ ግራ የተቀየረ ነው።

የእኔም እንደዚያው ናት። መሪውን ሲቀይሩት መብራቱን የነካው የለም መሰለኝ። አጥሩ ላይ ያለው ብርሃን በግራ በኩል ሽቅብ ወጣ። ወርጄ በእጄ ከለልኩት፣ አንዱን አጥፍቼ ሞከርኩ፤ ያው ነው። ያ የሸኖው ሰውዬ እኔን ምን ብሎ ሰድቦኝ ይሆን? ይኼን አምፖል አያስተካክለውም፤ ሙሉው መብራት ከነቤቱ ነው መቀየር ያለበት። ቅዳሜ ሶማሌ ተራ እመለሳለሁ። ልጁ እንደሚስቅብኝ አውቃለሁ።