ማስተካከያ፦ የመነኮሳቱ ማዕድ ሥዕል የሲኞሬሊ አይደለም

ባለፈው ስለ ሞንቴ ኦሊቬቶ ማጆሬ ገዳም ስጽፍ፣ መነኮሳት አብረው ማዕድ የቀረቡበትን ሥዕል የጣሊያናዊው ሠዓሊ የሉካ ሲኞሬሊ ነው ብያለሁ። መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ እንደሚገኝም ጽፌያለሁ። ሁለቱም ስህተት ነው። ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሥዕሉ የጆቫኒ አንቶኒዮ ባዚ ነው፤ ሶዶማ በሚለው ስሙ ይበልጥ ይታወቃል። ያለውም ጣሊያን ውስጥ፣ ከሲዬና ከተማ ብዙም በማይርቀው በዚሁ ገዳም፣ የውስጡን ግቢ በሚዞረው መተላለፊያ ግድግዳ ላይ ነው። የምንኩስና ሥርዓት የጻፈውን የቅዱስ ቤኔዲክቶስን ሕይወት ከሚተርኩት ተከታታይ ሥዕሎች አንዱ ነው፤ እነዚህን ሥዕሎች ሲኞሬሊ በ1490ዎቹ መጨረሻ ጀመረ፤ ሶዶማ ከ1505 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀጠለ።

ያምታታኝ ይሄ ነው፦ ሲኞሬሊም እዚያው የማዕድ ሥዕል አለው። የእሱ ግን ከገዳም ወጥተው፣ ሥርዓት ጥሰው ስለበሉ መነኮሳት ነው። የማኅበር ማዕድ አይደለም፤ እንዲያውም ተቃራኒው ነው።

የሶዶማው ታሪክ የሮማ ጳጳስ ከነበረው ከታላቁ ጎርጎርዮስ መጽሐፍ የመጣ ነው። በረሃብ ዘመን ቤኔዲክቶስ ራሱ የሚመራው ገዳም እህል አለቀበት። በማግስቱ በር ላይ 200 መስፈሪያ ዱቄት በከረጢት ተገኘ፤ ማን እንዳመጣው አልታወቀም። ሥዕሉ ላይ መነኮሳቱ በረጅሙ ገበታ ተደርድረው ይበላሉ። አንዱ ያነብላቸዋል፤ በቤኔዲክቶስ ሥርዓት በማዕድ ሰዓት ንባብ እንጂ ወሬ የለም። ከፊት ለፊት ደግሞ ውሻና ድመት ተፋጠዋል። እኔ ይህቺን ቦታ በጣም ነው የምወዳት፤ ያን ሁሉ ጸጥታ የሚደፍሩት እነሱ ብቻ ናቸው።