የመስክ ሠራተኛ፣ የሥጋ ቤት ሚዛንና የማሽን ደረሰኝ

ለሥራ ከአዲስ አበባ የሚወጣ ሰው ማታ ራት ፍለጋ ሲዞር መጨረሻው አብዛኛውን ጊዜ ሥጋ ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ ወይም በኮረኮንች መንገድ ሲንገጫገጭ ውሎ ከተማ ሲገባ ያረፈበት ሆቴል ምግብ አልቋል ይለዋል፤ ቀይና ነጭ ቀለም የተቀባው፣ ሥጋው በሜንጦ ተሰቅሎ ከመንገድ የሚታየው ቤት ግን እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ድረስ ክፍት ነው። እኔ የውኃ ፓምፕና ጄኔሬተር የሚተክልና የሚጠግን የግል ድርጅት ባልደረባ ስለሆንኩ ይህን ኑሮ በደንብ አውቀዋለሁ፤ ከደብረ ብርሃን እስከ ኮምቦልቻ፣ ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ፣ ከወሊሶ እስከ ጅማ ባሉት መንገዶች ላይ ጥብስ ያልበላሁበት ከተማ ጥቂት ነው። ሥጋችንን እወዳለሁ። የቦረናም ሆነ የሐረር ሰንጋ በየትኛውም አገር ማዕድ ላይ ቢቀርብ የሚያኮራ ነው ብዬ አምናለሁ። የሚያንገበግበኝ እንዲህ ያለ ሥጋ ይዘን፣ ደክሞት የመጣ እንግዳ ስንት እንደሚከፍልና ምን ያህል እንደተመዘነለት ሳያውቅ በልቶ፣ ለከፈለው ገንዘብም ማስረጃ ሳይይዝ እንዲወጣ ማድረጋችን ነው።

ከዋጋው ልጀምር። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የሚሸጠውን ዕቃና አገልግሎት ዋጋ በንግድ ቤቱ ውስጥ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ወይም በዕቃው ላይ እንዲያመለክት ያዝዛል። አዋጁ ከወጣ 10 ዓመት አልፎታል፤ እኔ በምገባባቸው ሥጋ ቤቶች ግድግዳ ላይ ግን የቅዱሳን ሥዕል፣ የእግር ኳስ ቡድን ፎቶግራፍና የቢራ ማስታወቂያ እንጂ የአንድ ኪሎ ሥጋ ዋጋ ተለጥፎ የማየው ከስንት አንዴ ነው። «ኪሎ ስንት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው መልስ ከማግኘቱ በፊት እሱ ራሱ ይጠየቃል፤ ለጥሬ ነው ለጥብስ፣ አጥንት ይግባበት ወይስ ንጹሕ ሥጋ ይሁን፣ ለስንት ሰው ነው? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ዋጋውም እንደ መልሱ ሊለያይ ይችላል። የሚያበሳጨኝ በጥያቄዎቹ መሃል የባለቤቱ ዓይን ወደ በራፉ መሄዱ ነው፤ ውጭ የቆመውን ፒክአፕና በሩ ላይ የተለጠፈውን የድርጅት አርማ ካየ በኋላ ነው ዋጋው የሚጠራው። አንድ ምሽት ከጎናችን ተቀምጠው ይበሉ ከነበሩ የከተማው መምህራን ጋር ጨዋታ ጀምረን ሒሳቡ ሲመጣ፣ ከአንድ ሰቀላ የተቆረጠ ሥጋ ለእነርሱ በአንድ ዋጋ፣ ለእኛ ደግሞ በሌላ መታሰቡን በዓይናችን አየን። መምህራኑ ከእኛ በላይ አፈሩ፤ አንደኛው ተነሥቶ ባለቤቱን ለማነጋገር ቢሞክርም መልሱ «እነሱ ደንበኛ ናቸው» የሚል ብቻ ነበር። እንግዳ ተቀባይ ነን የምንል ሰዎች እንግዳ በመሆኑ ብቻ ሰውን አስበልጠን እንዴት እናስከፍላለን?

ሚዛኑ ደግሞ ይብሳል። ባንኮኒው ከፍ ያለ ነው፤ ሚዛኑ ከበስተጀርባው ተቀምጦ ቁጥሩ ወደ ሥጋ ቆራጩ ዞሯል። ነጭ ጋዋን የለበሰው ቆራጭ የጠየቅሁትን ሽንጥ ከሰቀላው ላይ ቆርጦ ሚዛኑ ላይ ሲወረውረው ቀስቱ በውርወራው ኃይል ወደ ላይ ይዘላል፤ ተመልሶ ረግቶ ከመቆሙ በፊት ሥጋው ተነሥቶ መክተፊያው ላይ ውሏል። ሽንጡ አልሞላም ሲባል ከወርችና ከጎድን ተቆርጦ ይጨመራል፤ በዚያም ላይ ጅማትና ስብ ይከተላል። «ሽንጥ ብቻ ነበር ያልኩት» ስል የማገኘው መልስ «ለእኔ ይተዉት፣ አሪፍ አድርጌ ነው የምሠራልዎ» የሚል ነው። ለእርሱ የምተውለት ነገር የለም፤ የምከፍለው እኔ ነኝ። ሚዛኑን ወደ እኔ እንዲያዞርልኝ ስጠይቅ ፊቱ ይለዋወጣል፣ ወረፋ የያዙት ሰዎች ዞረው ያዩኛል፣ በሌብነት የከሰስኩት ያህል ይቆጠራል። ወርቅ የሚሸጥ ሰው ሚዛኑን ለገዢው ሲያሳይ የሚቀየም የለም፤ ሥጋ ሲሆን ግን ሚዛን ማየት ነውር የሆነበትን ምክንያት እስካሁን ያስረዳኝ ሰው አላገኘሁም።

በዚህ ላይ ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ ነገር አለ። ሥጋ ሲጠበስ ውኃውንና ስቡን እየለቀቀ ከክብደቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ ግማሽ ኪሎ ብዬ ያዘዝኩት ሥጋ ሸክላው ላይ ሆኖ ከሽንኩርት፣ ከቃሪያና ከጥብስ ቅጠል ጋር እየጤሰ ሲቀርብልኝ፣ ያነሰው በእሳቱ ይሁን በሚዛኑ ለይቼ ማወቅ የምችልበት መንገድ የለም። ልክነቱ ሊረጋገጥ የሚችለው ሥጋው ምጣድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ ባንኮኒው ላይ ባለችው ቅጽበት ብቻ ነው፤ ከገዢው የምትሸሸገውም ያቺው ቅጽበት ናት። ጥሬ ለሚበላ ሰው ቢያንስ ቁርጡ ሳህኑ ላይ ስለሚታይ ይሻላል፤ የጥብስ በላተኛ ግን የሚተማመነው በቆራጩ ሕሊና ብቻ ነው።

ብቻውን ለሚበላ ሰው ችግሩ ሌላ መልክ አለው። በብዙ ሥጋ ቤቶች ከግማሽ ኪሎ በታች አይሸጥም። እርግጥ ነው፣ ሥጋ ቤት የተሠራው ወዳጅ ከወዳጁ፣ ቤተሰብ ከቤተሰቡ ጋር ከአንድ ትሪ እንዲበላ ነው፤ ይህ ባህላችን እንዲጠፋ የምፈልግ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን በመስክ ያለ ሠራተኛ ቤተሰቡን ይዞ አይዞርም። ከእኔ ጋር የሚጓዘው ሹፌራችን ሙስሊም ነው፤ እኔ ክርስቲያን ነኝ። በየከተማው መስቀል የተሣለበት ሥጋ ቤት ለእኔ፣ ጨረቃና ኮከብ የተሣለበት ለእርሱ ነው፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ በአንድ መኪና ውለን ማታ በተለያየ ቤት ለየብቻችን እንቀመጣለን። ሁለታችንም ግማሽ ግማሽ ኪሎ እንድናዝ እንገደዳለን፤ ሁለታችንም ሳንጨርስ እንነሣለን። ሩብ ኪሎ መዝኖ መሸጥ ሥጋ ቤቱን ምን ይጎዳዋል? ሚዛኑ 250 ግራም ያነባል፤ ምጣዱም አይሰፋበትም።

ከዚያ ተጨማሪዎቹ ይመጣሉ። የማስጠበሻ ለብቻው ይታሰባል፤ እንጀራው፣ አዋዜው ወይም ሰናፍጩ፣ ሳይታዘዝ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ውኃም ለብቻው ይታሰባል። እያንዳንዱ ትንሽ ነው፤ ተደምሮ ግን ከተጠራልኝ ዋጋ ጋር የማይገናኝ ሒሳብ ይሆናል፤ አስቀድሞ የነገረኝም ሰው የለም።

የብሶቴ ትልቁ ክፍል ግን ደረሰኙ ላይ ነው፤ እንደ እኔ የሚጓዙ ሰዎች ሁሉ ይህን ሲያነቡ ልባቸው እንደሚቆስል አውቃለሁ። የእኛ ድርጅት እንደ መንግሥት መሥሪያ ቤት የተቆረጠ አበል አይከፍልም፤ ሠራተኛው ለምግብ ያወጣውን ገንዘብ ከተወሰነው ጣሪያ ሳያልፍ በደረሰኝ ያወራርዳል። ደረሰኙ የማሽን መሆን አለበት፤ የድርጅቱ ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩም ሊኖርበት ይገባል። ሒሳብ ክፍሉ ይህን የሚጠይቀው ያለ ሕጋዊ ደረሰኝ የወጣን ወጪ ግብር ሰብሳቢው ስለማይቀበለው እንደሆነ ይገባኛል። አሁን ደግሞ ሥጋ ቤቱ ውስጥ የሚሆነውን ተመልከቱ። በልቼ ጨርሼ ሒሳብ ስጠይቅ አስተናጋጇ በቁራጭ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ድምር ታመጣለች። የማሽን ደረሰኝ እፈልጋለሁ ስላት ወደ ባለቤቱ ትሄዳለች፤ ባለቤቱ መጥቶ በትሕትና «በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ይጨመርበታል» ይለኛል። ለምሳሌ ኪሎው 1200 ብር ነው ተብዬ ግማሽ ኪሎ በልቼ ከሆነ፣ 600 ብር የነበረው ሥጋ ደረሰኝ ስለጠየቅሁ ብቻ 690 ብር ይሆናል። ማለት የተጠራልኝ ዋጋ የእውነት ዋጋ አልነበረም፤ ደረሰኝ ላለመቁረጥ የተስማማ ሰው ዋጋ ነበር። ደረሰኝ መስጠት የሻጩ ግዴታ እንጂ ለገዢው በተጨማሪ ዋጋ የሚሸጥለት ዕቃ አይደለም!

እሺ ብዬ ጭማሪውን ልክፈል ስል ደግሞ ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ወረቀት አልቋል፣ ኔትወርክ የለም፣ መብራት ጠፍቷል፣ ቁልፉን የያዘችው ልጅ ወጥታለች ከሚሉት አንዱ ይነገረኛል። መብራት በእርግጥ የሚጠፋበት ጊዜ አለ፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ቴሌቪዥኑ ኳስ እያሳየ፣ ፍሪጁ እየሠራ መብራት የለም ሲባል ቆሞ ማዳመጥ ትልቅ ውርደት ነው። አንዳንዱ ነገ ጠዋት ተመልሰው ይውሰዱ ይላል፤ እኛ ግን ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ነን። ሌላው ደግሞ በራሱ ደረሰኝ ፈንታ ከጎረቤት ሱቅ የተቆረጠ፣ ሲሚንቶና ምስማር የተጻፈበት ደረሰኝ ያመጣል፤ ያንን ወስዶ ለምግብ ወጪ ማቅረብ ሐሰተኛ ሰነድ ማቅረብ ስለሆነ አልቀበለውም፤ ባለመቀበሌም አስቸጋሪ ሰው እባላለሁ።

ወደ ቢሮ ስመለስ ሁለተኛው ዙር ይጀምራል። ያለ ማሽን ደረሰኝ የበላሁት ራት ከደመወዜ ይቆረጣል። ሹፌሩና እኔ በአንድ ምሽት፣ በአንድ ከተማ፣ ከሁለት ቤት ሁለት ደረሰኝ ስላመጣን ለምን አብራችሁ አልበላችሁም ተብለን ማብራሪያ በጽሑፍ እንጠየቃለን። የሃይማኖታችን ነገር በወጪ ማወራረጃ ቅጽ ላይ እንዲጻፍ መገደድ ያሳዝነኛል። የምግቡ ጣሪያ የተወሰነው የሥጋ ዋጋ አሁን ካለበት በብዙ ባነሰበት ዘመን ሲሆን፣ እስካሁን የነካው የለም። ሒሳብ ክፍል ያሉት የሥራ ባልደረቦቼ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ነገር ግን ምሳቸውን ከቤታቸው በምሳ ዕቃ ይዘው ስለሚመጡ በአንድ የወረዳ ከተማ በምሽት ሦስት ሰዓት የማሽን ደረሰኝ መለመን ምን እንደሚመስል አያውቁትም። አንድ ጊዜ እንኳ ከእኛ ጋር መስክ ቢወጡ ምኞቴ ነው።

ለጤናችንም የሚያስብልን የለም። በቄራ ታርዶ የተመረመረ ሥጋ ማኅተም ይኖረዋል፤ ቄራ በሌለባቸው ትንንሽ ከተሞች ግን ከብቱ ጓሮ ይታረዳል፣ ማን እንዳየው አይታወቅም። የኮሶ ትል ከሰው ወደ ከብት፣ ከከብት ደግሞ በደንብ ባልበሰለ ሥጋ ወደ ሰው እንደሚተላለፍ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን፤ ስለዚህ እኔ በመንገድ ላይ በደንብ ይብሰል ብዬ ነው የማዘው። እንዲህ ያልኩበት ሥጋ ለብ ለብ ተደርጎ፣ ውስጡ ቀይ እንደሆነ ሲቀርብልኝና መልሱት ስል «ሥጋ አያውቅም» የሚል ሹክሹክታ ስሰማ ምን ያህል እንደሚከፋኝ መናገር አልችልም። ነገ ጉድጓድ ውስጥ ወርጄ ፓምፕ የምፈታ ሰው ነኝ፤ ሆዴን ታምሜ ከቤቴ ርቄ መተኛት አልፈልግም።

ስለ ጾም ብዙ አልናገርም። ረቡዕና ዓርብ፣ በሁዳዴም 55 ቀን ሥጋ ቤቱ ቢዘጋ ደስ ይለኛል፤ እኔም እጾማለሁ፣ ሽሮና በያይነቱ የተጻፈ ዋጋ ስላላቸው እንዲያውም በሰላም የምበላው ያኔ ነው። ጾም በተፈታ ማግሥት ግን ዋጋው በየሰዓቱ ሲለዋወጥ ማየት ያማል።

ሥጋ ቤቶችም ችግር እንዳለባቸው አውቃለሁ። የቁም ከብት ዋጋ ንሯል፣ የቤት ኪራይ ጨምሯል፣ ያልተሸጠ ሥጋ ለነገ አይቆይም፣ ደረሰኝ ሳይቆርጥ በርካሽ የሚሸጠው ጎረቤት ደንበኛ ይወስድባቸዋል። በታማኝነት የሚሠሩም አሉ፤ በአንዲት የአርሲ ከተማ አንድ አዛውንት ባለ ሥጋ ቤት ሚዛናቸውን ባንኮኒው ላይ ወደ ገዢው አዙረው፣ ዋጋውን በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈው ሲሸጡ አይቻለሁ፤ ቤቱም ሞልቶ ነበር። እርሳቸው ከቻሉት ሌላውን የሚያቅተው ለምንድን ነው? የወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤቶችስ ሚዛን የሚመረምሩትና የዋጋ ዝርዝር የሚጠይቁት የበዓል ሰሞን ብቻ መሆን አለበት?

የምጠይቀው ይኸው ነው፤ ዋጋው ግብሩን ጨምሮ ይለጠፍ፣ ሚዛኑ ወደ ገዢው ይዙር፣ ቀስቱም እስኪቆም ይጠበቅ፣ ሩብ ኪሎ ይሸጥ፣ ደረሰኝም ሳይለመን ይቆረጥ። ሠራተኛ ወደ መስክ የሚልኩ ድርጅቶችም የምግቡን ጣሪያ የዛሬውን ገበያ አይተው ያስተካክሉ፤ የማሽን ደረሰኝ በማይገኝባቸው ከተሞች ለሚያድር ሰው የተቆረጠ አበል ይስጡት።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ጅማ ወርጄ ጥቂት ቀናት በመንገዱ ላይ ባሉት ከተሞች አድራለሁ። ከወሊሶ ጀምሮ ባለው መስመር ለአንድ ሰው ሩብ ኪሎ የሚመዝን፣ የማሽን ደረሰኝ ያለ ጭቅጭቅ የሚቆርጥ ሥጋ ቤት የምታውቁ፣ ለሹፌራችን የሚሆነውንም ጭምር፣ እባካችሁ ከተማውንና ሰፈሩን ከዚህ በታች ጻፉልኝ።